አማቱን ያየ ሰው

ኤርቪን ኤትሲቲ ካገባ ሃያ ዓመት ሊደፍን ምንም አልቀረውም፤ የአማቱን ፊት ግን አንድ ቀን አይቶ አያውቅም። ተጣልተው አይደለም። እንዲያውም በመንደሩ እንደነሱ የሚከባበር አማትና አማች የለም እየተባለ ይወራል፤ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ በሆኑት በናቫሆዎች አገር አማትና አማች የሚከባበሩት ባለመተያየትና ፊት ለፊት ባለመነጋገር ነውና። አማቱን ያየ ወንድ ዓይኑ ይጠፋል፤ አማቿን ያየች ሴትም እንደዚያው። ነገሩን የሚጠራጠር ወጣት ሞልቷል፤ እስቲ ልሞክረው ያለ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ስለዚህ ኤርቪን አማቱን እማማ ሎቲን የሚያውቃቸው በቁርጥራጭ ነው። የቀሚሳቸውን ጠርዝ ያውቃል፤ ጠቆር ያለ ቀይ ከፋይ ነው። ነጭ የስፖርት ጫማቸውን ያውቃል። ሳላቸውን ያውቃል። ከሁሉም በላይ ቃጭላቸውን ያውቃል። እማማ ሎቲ እንደ ድሮ ሴቶች ቀበቷቸው ላይ ትንሽ የብር ቃጭል ያንጠለጥላሉ፤ ቃጭሉ ሲሰማ አማች ይሰወራል። በዚያ ቃጭል የተነሳ ኤርቪን ያልተሸጎጠበት ቦታ የለም። አንዴ ሱቅ ውስጥ እሳቸው የበግ ጎድን ሲያማርጡ እሱ ከአይስክሬም ማቀዝቀዣው ጀርባ ተንበርክኮ ጉልበቱ ደንዝዞ ነበር። የገዛ ልጁ የተመረቀች ቀን ደግሞ ግማሹን ሥነ ሥርዓት ያሳለፈው ፒክአፕ ስር ተጋድሞ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ዘይት የሚቀይር መስሎት መፍቻ አቀበለው።

እንዲህ እየተሰዋወሩ በሰላም ሲኖሩ የዩራኒየሙ ጉዳይ መጣ።

ከመንደሩ በላይ ባለው ተራራ ዩራኒየም የቆፈሩት ሰዎች ሥራቸውን ሲጨርሱ ጉድጓዱን እንደተከፈተ፣ ቁልሉን ሜዳ ላይ እንደተዘረገፈ ጥለውት ሄዱ። ለመሄድ ማንንም አላስፈቀዱም። ጥለው የሄዱትን ለማጽዳት ግን የሁለት ትውልድ ስብሰባ ፈጀ። በቀበሌው አዳራሽ ባለሙያዎች ይመጣሉ፣ ባለቀለም ካርታ ይሰቅላሉ፣ የበግ ሾርባ ይበላሉ፣ "ስጋታችሁን ሰምተናል" ይላሉ፣ ይሄዳሉ። ሌሎች ይመጣሉ። ካርታው ላይ ቀዩ ቀለም እየሰፋ፣ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች እያነሱ ሄዱ። የሞቱት ሁሉ ስጋታቸው ተሰምቶላቸው ነው የሞቱት።

በመጨረሻ ማንም ሳይጠብቀው ሥራው እውነት ሆነ፤ ኤርቪንም የጨረር መለኪያ ተሸክሞ የሚዞር ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። መሣሪያው ንጹሕ ቦታ ላይ ሲሆን አልፎ አልፎ ጠቅ ይላል፤ የተበከለ ቦታ ሲደርስ ግን እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል። ኤርቪን ቁልሉን ለካ፣ ወንዙን ለካ፣ በረቱን ለካ። ጸደይ ላይ አንድ ቀን እማማ ሎቲ በጎቻቸውን ይዘው ሲወጡ ጠብቆ የአማቱን ቤት ሊለካ ገባ።

ቤቱ ሆጋን ነው፤ ክብ፣ አንድ ክፍል፣ የብረት ምድጃው መሐል ላይ፣ በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ። የሠሩት የሚስቱ አባት ናቸው። ሞተዋልና ስማቸውን መጥራት ነውር ነው። በሕይወት ሳሉ እዚያ ተራራ ላይ ቆፋሪ ነበሩ፤ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ለሚስታቸው ብለው ከጉድጓዱ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋውን ድንጋይ እየመረጡ ይጭኑ ነበር። በዚያ አካባቢ የእሳቸውን ያህል ቀጥ ያለ ግድግዳ የሠራ ሰው አልነበረምና የጎረቤት ሴቶች ባሎቻቸውን በእሳቸው እያነጻጸሩ ቁም ስቅላቸውን ያሳዩአቸው ነበር።

መሣሪያው መንጣጣት የጀመረው በሩ ላይ ነው። እማማ ሎቲ ከሚተኙበት ግድግዳ አጠገብ ሲደርስ መንጣጣቱንም ትቶ አንድ ወጥ ጩኸት ሆነ። ኤርቪን አጠፋው። ምናልባት ሐሳቡን ይቀይር እንደሆነ ብሎ መልሶ አበራው። አልቀየረም።

ቤቱ ይፍረስ ተባለ፤ ድንጋዩ ተጭኖ ይሂድ፣ ለእማማ ሎቲ ሌላ ቤት ይሰጣቸው። የቀረው የእሳቸው እሺታ ብቻ ነበር። እሳቸው ደግሞ እንቢ አሉ።

የሥራው ኃላፊ ክሬግ የሚባል ከዴንቨር የመጣ ነጭ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፀሐይ ግን አትወደውም፤ አፍንጫው በየሳምንቱ አንድ ልጣጭ ይጥላል። ክሬግ የኤርቪንን ሚስት ዴልፊንን በአስተርጓሚነት እየያዘ እማማ ሎቲ ጋ ተመላለሰ። በሄደ ቁጥር ያበሉታል። በወጣ ቁጥር ሆዱ ሞልቶ እጁ ባዶ ነው።

"ምን አሉ?" ይለዋል ኤርቪን፣ ራቅ ካለው መኪና ጀርባ ሆኖ።

"ድንቹን እንድጨርስ።"

"ስለ ቤቱስ?"

"በዚህ ቤት ሰው አልሞተም አሉ። ይህ ምን ማለት ነው?"

ምን ማለት እንደሆነ ኤርቪን አሳምሮ ያውቃል። በአገሩ ሰው የሞተበት ቤት የሰሜኑ ግድግዳ ተፈንቅሎ አስከሬኑ በዚያ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ቤቱ ለነፋስ ይተዋል፣ የሚገባበትም የለም። ለዚህ ነው እማማ ሎቲ ባላቸው ሊሞቱ ሲያጣጥሩ አልጋቸውን አሸክመው ውጭ ዛፍ ስር ያወጧቸው፤ ቤቱ እንዲተርፍ። በዚህ ዓይነት የተረፈን ቤት ማንም ተነስቶ አፍርሱት ቢላቸው እንዴት እሺ ይላሉ? ኤርቪን ይህን ለክሬግ ሲያስረዳው ክሬግ ራሱን ነቀነቀና ልጣጩን አራገፈ።

ዴልፊን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። የሃምሳ ሕፃን ጩኸት የለመደች ሴት ስትቆጣ ድምፅዋን ዝቅ ነው የምታደርገው።

"እናቴ ከዚያ ቤት ሳትወጣ በረዶ ከጣለ፣" አለችው ዘይት ውስጥ ዳቦ እያገላበጠች፣ "አንተም ከዚህ ቤት ትወጣለህ።"

"እኔ ምን ላድርግ? ላያቸው አልችል፣ ላናግራቸው አልችል።"

"አንተ አይደለህ ለክቼዋለሁ ያልከው?"

"ነኝ።"

"እናቴ የምትተኛበት ጋ ሲጮህ የሰማኸው አንተ አይደለህ?"

"ነኝ አልኩሽ እኮ።"

"እንግዲያው ተናገራ። ክረምት ሲመጣ በሩን ዘግታ ምድጃ ለኩሳ እዚያ ውስጥ ልትከርም ነው። እንደ አባቴ እያሳላት እኮ ነው፣ ኤርቪን።" ዳቦውን አወጣችና ሌላ ከተተች። "ደግሞ ጠባይዋ ተበላሽቷል። ሱቅ እንሂድ ብላት እንቢ። ቢንጎ ቁማሯን እንኳ ትታለች። እናቴ! ሺፕሮክ ከተማ ቢንጎ ቤት ስትገባ ሰው እኮ ታሸንፈናለች ብሎ ተነስቶ ይሄድ ነበር።"

"እሺ፣ በምን አናግራቸው?"

"እኔ ምን አውቅልሃለሁ። ለሴናተር ንገረው።"

ሴናተር የእማማ ሎቲ ውሻ ነው። ስሙን ያገኘው ለመጣ ለሄደው ሁሉ ይጮህና የበግ አጥንት ሲጣልለት ወዲያው ስለሚተኛ ነው። ዴልፊን ይህን ያለችው ለነገር ነበር፤ ኤርቪን ግን አሰበበት፤ ካሰበበት ደግሞ የተሻለ መንገድ አጣ። በማግስቱ ከእማማ ሎቲ በር አጠገብ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ውሻው ጎን ተቀመጠ።

"ሴናተር፣ እንደምን ዋልክ?"

ውሻው አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ከደነው። ከውስጥ ቃጭሉ ትንሽ ተንቃጨለ።

"ሴናተር፣" አሉ እማማ ሎቲ ከቤት፣ "ማነው እዚያ የሚያጉተመትመው?"

"ሴናተር፣ ጨረር የሚለካው ሰውዬ ነው በላቸው።"

"ሴናተር፣ ያ ሰውዬ ድስቴን አልመለሰም በለው።"

"ሴናተር፣ ድስቱን የያዘችው ልጃቸው ናት በላቸው። ደግሞ ይህ ቤት እየገደላቸው ነው በላቸው።"

ሴናተር ቁንጫውን አከከ።

"ሴናተር፣ እኔ እዚህ ቤት ስገባ እሱ ገና አልተወለደም ነበር በለው። ቤቱ ሊገድለኝ ብዙ የቸኮለ አይመስልም።"

"ሴናተር፣ ሳሉ ግን ሌሊት ሌሊት መንገድ ድረስ ይሰማል በላቸው።"

"ሴናተር፣ ሳሉ የእሱ መኪና አቧራ ነው በለው።"

ኤርቪን ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አሸው። ከአማት ጋር መከራከር እንዲህ ከሆነ ለካ ዝም መባባሉ ውለታ ኖሯል። ትንሽ ቆይቶ ግን ከውስጥ ያልጠበቀው ጥያቄ መጣ።

"ሴናተር፣ ያ አዲስ ቤት የሚሉት ክብ ነው?"

"ሴናተር፣ አራት ማዕዘን ነው በላቸው። ክፍሎች አሉት፣ ኮሪደር አለው።"

"ኮሪደር ምንድነው በለው።"

"እንደ ጠባብ መንገድ ነው በላቸው፤ በግራም በቀኝም በር አለው።"

"መውጫውስ ወዴት ነው የሚያየው?"

"ወደ መኪናው መንገድ።"

"ሴናተር፣" አሉ እማማ ሎቲ፣ "በር የበዛበት ቤት ሰው ይጠፋበታል በለው። አልሄድም።" ከዚያ ወዲያ ኤርቪን ውሻውን ቢለማመጥ፣ ቢያባብል፣ ከቤቱ አንድ ቃል አልወጣም።

ቁልሉ አጠገብ ኤክስካቫተሩ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀው ሉተር ነበር። ሉተር የኤርቪን የአክስት ልጅ ነው። በአገሩ የአክስት ልጅ ካልቀለደብህ ወይ ታሟል ወይ ተቀይሞሃል፤ ሉተር ደግሞ ታሞም ተቀይሞም አያውቅም።

"ምክር ቤቱ ምን ወሰነ?" አለ።

"ውድቅ አደረገው።"

"አጥንት አልያዝክማ። አንተ የአክስቴ ልጅ፣ እንዲያው ሞኝ ነህ። አሮጊቷን ለማስወጣት የሚበቃ መሣሪያ አንገትህ ላይ ተሸክመህ ከውሻ ጋር ትሟገታለህ?"

"የቱ መሣሪያ?"

"ይሄ ፊትህ ነዋ። ዘው ብለህ ግባ። አማቿ ሲገባባት ቁጭ የምትል አማት የት አገር አለች? ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው እግሬ አውጪኝ ይላሉ። ውጭ ዴልፊን ትቀበላቸዋለች። በዚህ ፊት አንተ እንኳን አሮጊት ድብ ታስወጣለህ።"

አጠገባቸው የቆመው ክሬግ ምን እያላችሁ ነው ብሎ ጠየቀ። ሉተር ስለ ሥራ ደኅንነት ነው ሊለው ነበር፤ ኤርቪን ግን እውነቱን ነገረው። ክሬግ ቆም ብሎ አሰበ። ማንም እጁን እንደማያነሳ፣ ሞተር እንደማይነሳ፣ ዕቃቸው ሳይወጣ አንድ ድንጋይ እንደማይነካ አስማላቸው። "አማች አማቱ ቤት እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ እኛ ጋ የለም" አለ በመጨረሻ።

"እኛ ጋ አለ" አለ ሉተር።

ኤርቪን ያን ምሽት እራት አልወረደለትም። ዘመናዊ ሰው ነው፤ ስልኩ ላይ የአየር ጠባይ ያያል፣ ልጁ ኮሌጅ ገብታለች፣ ዓይን በማየት አይጠፋም ብሎ አፉን ሞልቶ ይከራከራል። ሆዱ ግን እንደ አፉ ዘመናዊ አልነበረም። ያለ ዓይን ምን ሠርቶ ይበላል? የዴልፊንን ፊት ሳያይ እንዴት ይኖራል? ፈራ። ያም ሆኖ ጋደም ባለ ቁጥር ጆሮው ላይ የሚመጣው ያ የመሣሪያ ጩኸት ነበር፤ ያንን ከዓይኑም መጥፋት አብልጦ ፈራው።

ጠዋት ዴልፊን በአውቶቡሷ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሳ እናቷ ቤት መጣች። እናቷን የምታለብሰው ብርድ ልብስ ይዛ፣ በሩን ፊት ለፊት የሚያየው መኪና አጠገብ ቆመች። ለኤርቪን ጥቁር መነጽር ሰጠችው።

"በመነጽር ያየ ግማሽ ነው ያየው፤" አለ ሉተር፣ "አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚጠፋ።"

"ዝም በል፣ ሉተር" አለች ዴልፊን። ባሏን አላየችውም።

ኤርቪን በሩ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ አሳለ፤ ለአማቱ የመሸሻ ጊዜ መስጠቱ ነው። ቃጭል አልሰማም። እንደገና አሳለ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ገባና እንደ ደንቡ በግራ በኩል መዞር ጀመረ። ጥቂት እንደሄደ ቅልጥሙ ከማገዶው ሣጥን ጋር ተላተመ። ሕመሙ ዓይኑን አስገለጠው፤ መነጽሩም ወለሉ ላይ ወደቀ።

እማማ ሎቲ ከምድጃው ወዲያ ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ። ብርድ ልብስ አልተከናነቡም። ከመቀመጫቸውም ንቅንቅ አላሉ። ፊታቸው ቀጥ ብሎ ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ዞሯል።

"ክሬግ ነህ?" አሉ ባለቻቸው ጥቂት እንግሊዝኛ። "ቁጭ በል። ብላ።"

ያ ኤርቪን ትዳሩን ሙሉ ሲሸሸው የኖረው ፊት የዴልፊን ፊት ነበር። ያው አፍንጫ፣ ያው ሊስቅ ሲል የሚጣመም ከንፈር፤ ዕድሜ ብቻ ነው የጨመረበት። የሚስቱ እርጅና እዚያ ተቀምጦ ድንች ይልጥ ነበር። ዓይኖቹ ግን የዴልፊን አይደሉም። በሁለቱም ላይ ነጭ ሞራ ተጋርዶባቸዋል።

ቢላዋው ቆመ። እማማ ሎቲ አሸተቱ።

"ነጩ ሰውዬ የፀሐይ ቅባት ነው የሚሸተው" አሉ፣ አሁን በናቫሆ ቋንቋ። "አንተ የልጄን ሳሙና ትሸታለህ።"

መሸሽ ነበረበት። ከአፉ የወጣው የለመደው ነገር ነበር። "ሴናተር፣ ለእማማ..."

"ውሻውን ተወው። እሱም ሰልችቶታል።" ድንቹን ድስት ውስጥ ጨመሩ፤ እጃቸው ድስቱን አልሳተም። "አየኸኝ?"

"አየሁዎት።"

"እንግዲህ አወቅክ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

እማማ ሎቲ ከንፈራቸውን ነከሱ። ኤርቪን አማቱ ሲያፍሩ ምን እንደሚመስሉ ያወቀው ያኔ ነው፤ ልክ ዴልፊን መኪና አጋጭታ ስትመጣ እንደምትሆነው ነበር።

"አምና ጭስ ማውጫዬን ልትጠግን ጣሪያ ላይ የወጣህ ጊዜ" አሉ። "ከበጎቹ ጋር የሄድኩ መስሎሃል። ሻሼን ረስቼ ተመለስኩ። ከላይ ትደበድባለህ። ይሄን ሁሉ ዓመት ልጄን የያዘ ሰው ምን እንደሚመስል እንዴት ሳላይ እሞታለሁ አልኩ። ቃጭሌን በእጄ አፈንኩና ቀና አልኩ።"

"አዩኝ?"

"ፊትህን አላየሁም።"

"ታዲያ ምኔን አዩ?"

"ጎንበስ ብለህ ነበር። ሱሪህ ወርዷል።"

ኤርቪን ሱሪውን ወደ ላይ ሳብ አደረገ።

"ክረምቱ ሳያልቅ ጭጋግ ጀመረኝ" ቀጠሉ። "ቅጣቴ ነው አልኩ። ፊትህን አይቼበት ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። ሰው ለዚያ ዓይኑን ይከፍላል?"

ኤርቪን ሳቁን ሊውጠው ታገለ፤ በአፍንጫው አመለጠው። እማማ ሎቲም ከንፈራቸው ተጣመመ፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ቃጭሉ ሳሉን ተከትሎ ረጅም ጊዜ ተንቃጨለ። ኤርቪን ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቀ። ሳቁ ጠፍቶበት ነበር።

"እማማ፣ ይሄ እኮ የዓይን ሞራ ነው። የሉተርን እናትም ይዟቸው ነበር፤ ጋሉፕ ሆስፒታል ሄደው ተገፈፈላቸውና ይኸው ዛሬ የጎረቤቱን ጉዳይ ሁሉ ከቤታቸው ሆነው ያያሉ።"

"ሐኪሙ መቼ ጀመረሽ ይለኛል።"

"ይበልዎት።"

"የምታስተረጉመው ዴልፊን ናት። ምን ልበል? ልጄ፣ የባልሽን ቂጥ አይቼ ነው ልበላት?"

"ይህን ሐኪም አይጠይቅም።"

"እኔ ግን አውቀዋለሁ።" ቢላዋውን ጠርገው ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ስንጥቅ ውስጥ ሻጡት። "እዚህ ቤት ዓይን አያስፈልገኝም። ጠዋት ፀሐይዋ ፊቴን ስትመታኝ በሩ የት እንደሆነ አውቃለሁ። ግድግዳውን ይዤ ከዞርኩ አልጋዬም ምድጃዬም አይቀሩብኝም። ዴልፊን እሑድ እሑድ ስትመጣ ሾርባ ቀድቼ እሰጣታለሁ፤ ጠብ አትልም። እዚያ የምትሉኝ ቤት ገብቼ ግን ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው ማዕዘን ስዳበስ ልጄ ልታየኝ ነው። አልፈልግም።"

ለካ ነገሩ ይህ ኖሯል። ቢንጎ ቤት የሚፈሯት ሴት እዚህ ጨለማ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ሾርባ እንዳይፈስባት ስትጠነቀቅ ከርማለች፤ ኤርቪን ደግሞ ከመኪና ጀርባ ሆኖ ግትር አሮጊት ሲል ከርሟል።

"ክብ ቤት እንሠራለን" አለ። "እኔና ሉተር። ከላይኛው ጫካ እንጨት ቆርጠን፣ እያንዳንዱን ግንድ በመሣሪያዬ ለክቼ። በሩ ወደ ፀሐይ፣ ምድጃው መሐል።"

"አንተ? ሱሪህን መያዝ ያቃተህ?"

"እኔ።"

እማማ ሎቲ እጃቸውን ወደኋላ ልከው ግድግዳውን ነኩ። ድምፃቸው ተለወጠ።

"አሁን ቀልድ የለም። ያ መሣሪያህ የሚጮኸው ከዚህ ድንጋይ ነው?"

ኤርቪን መዋሸት አማረው። ከመሬቱ ነው፣ ከነፋሱ ነው ሊላቸው ይችል ነበር።

"ከድንጋዩ ነው።"

"ባሌ ካመጣው?"

"አዎ።"

"እያንዳንዱን በሸሚዙ ጠርጎ ነው ያስቀመጠው።" መዳፋቸው ድንጋዩ ላይ ወዲያና ወዲህ ሄደ። "አያውቅም ነበር።"

"አያውቁም ነበር። ማንም አልነገራቸውም።"

ኤርቪን ይህን የተናገረው በንዴት ነበር። ድንጋዩ ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። አንድ ባል ለሚስቱ ቤት ብሎ ማታ ማታ ሲጭን ቆመው አይተውታል፤ አንዳንዱም ሲጭን አግዞት ይሆናል። ተው ማለት ምን ነበረበት? አላሉትም። ሰውየው በቀጥ ያለ ግድግዳው እንደኮራ ሞተ።

እማማ ሎቲ እጃቸውን ከድንጋዩ ላይ አነሱ። "ሞት አልገባበትም ስል ኖርኩ፤" አሉ፣ "ለካ አብሮ ነው የተገነባው።" መዳፋቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። "እንግዲያው እንደ ወጉ ይሁን። ማሽኑ ሳይነካው በፊት የሰሜኑን ግድግዳ በእጅ ክፈቱት። ሞት ላለበት ቤት እንደሚደረገው።"

"እሺ።"

"አንተ ነህ የምትከፍተው።"

"እሺ፣ እማማ።"

"ቀበቶ ታጥቀህ።"

"ታጥቄ።"

"ክቡ ቤት እስኪያልቅ የት ልሆን ነው?"

"እኛ ጋ።"

"አማቼ ቤት?"

"ከዛሬ ወዲያ የምንደባበቀው ምን ቀረን?"

እማማ ሎቲ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ኤርቪን እጁን ዘረጋላቸው። የተዘረጋ እጅ እንደማያዩ ትዝ ሲለው ሄዶ እጃቸውን ያዘ። ሻካራ፣ ቀዝቃዛ፣ የድንች ውኃ ያረጠበው እጅ ነበር። በምድጃው ሰሜን በኩል አልፈው፣ ፀሐይ እንደምትዞረው ዞሩና ወደ በሩ አመሩ። ቃጭሉ በየእርምጃው ይንቃጨላል።

ውጭ የነበሩት ቃጭሉን ሲሰሙ ተዘጋጁ። ዴልፊን ብርድ ልብሱን ዘርግታ ቀረበች፤ ብቻዋን ተከናንባ የምትሮጥ እናት ነበር የጠበቀችው። በበሩ የወጡት ግን ሁለት ናቸው፤ እጅ ለእጅ የተያያዙ፣ ፊታቸው የተገለጠ አማትና አማች። ሉተር ፊቱን አዞረ። ክሬግ ምን እንደተፈጠረ ባይገባውም ባርኔጣውን አወለቀ።

እማማ ሎቲ ደፉ ላይ ቆሙ።

"ልጄ አለች?"

"አለች።"

"ለምን ዝም አለች?"

"ብርድ ልብሱን ጥላ ዓይኗን በሁለት እጇ ሸፍናለች።"

እማማ ሎቲ የኤርቪንን እጅ ጠበቅ አደረጉ።

"እጅሽን አውርጂ በላት" አሉ። "ለአንድ ቤተሰብ አንድ ዕውር ይበቃል።"

ኤርቪን ለሚስቱ ነገራት። የዴልፊን እጆች ቀስ እያሉ ወረዱ፤ ባሏን አልፋ የእናቷን ዓይኖች አየች።